ሸለቆ ውስጥ የገባ ኢንተርኔት፦ የቪሳት አገልግሎት ከአንድ ዓመት በኋላ

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከደሴ ወጣ ብሎ በኩታበር ወረዳ አንድ ሸለቆ ውስጥ ስለሚገኝ፣ የስልክ ማማው ሞገድ በጋራ ይጋረድበታል። በዚህ ምክንያት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን በኢንተርኔት ለመመዝገብ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን በፍላሽ ይዘን ደሴ ድረስ እንመላለስ ነበር፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተም እንደገና መሄድ ግድ ይሆንብን ነበር። ካለፈው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ ግን ቪሳት በሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት እየተጠቀምን ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ችግር ላለባቸው ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የታዘብሁትን ማካፈል ወደድሁ።

ከመግጠማችን በፊት ያሳሰበን የሸለቆው ጥልቀት ነበር። የእኛ ዲሽ የሚገናኘው ግን ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ከመሬት ጋር እኩል እየዞረች ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከምትታይ ሳተላይት ጋር ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ዲሹ የተቃናው ወደ ጋራው ሳይሆን ወደ ላይ ወደ ሰማዩ ስለሆነ፣ ማማውን የጋረደብን ጋራ ሳተላይቷን ሊጋርድብን አልቻለም። ገደል ለበዛበት ለወሎ ገጠር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

የርቀቱ ጉዳት የሚታወቀው በንግግር ጊዜ ነው። ጥያቄው ወጥቶ ሲወርድ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ሲመለስ በድምሩ ከ143,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ቅጽ ለመሙላትና መጽሐፍ ለማውረድ ይህ ምንም አያውክም፤ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ግን ሰዎች ሳያስቡት ንግግር ይሻማሉ። ሞደም በመቀየርም የሚድን አይደለም። ስታርሊንክ የሚባለው ሌላው የሳተላይት ኢንተርኔት አገልግሎት ሳተላይቶች ግን በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚዞሩ መዘግየቱን በእጅጉ ያሳጥሩታል፤ በጎረቤታችን ኬንያም አገልግሎቱ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል። ይሁን እንጂ እነዚያ ሳተላይቶች ሰማዩን እያቋረጡ ስለሚያልፉ ዲሻቸው ሰፊ ገላጣ ሰማይ ይሻል፤ እንደኛ ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ እንዳይቆራረጥ እሰጋለሁ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ሞገዱ ስለሚዳከም ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ሲያባራ በራሱ ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ የሚያሠራ ሶላርና ባትሪ ግን አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ወርኃዊ ክፍያው ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ስለሚከብድ፣ አጠገባችን ካለው ጤና ኬላ ጋር በገመድ ተገናኝተን እንጋራዋለን።

እጅግ ያሳዘነኝ ጥገናው ነው። በዲሹ ክንድ ላይ የተገጠመው ምልክት ላኪ ልክ በምዝገባው ሰሞን ተበላሽቶ፣ አገልግሎት ሰጪው ባለሙያ የላከልን ከ19 ቀን በኋላ ሲሆን የወሩን ክፍያ ግን ሳይቀንስ ጠየቀን። የተማሪዎቻችንን ስም በፍላሽ ይዘን እንደ ቀድሞው ደሴ ሄድን። አገልግሎቱን እንድትገዙ እመክራለሁ፤ ነገር ግን የጥገናው ቀነ ገደብና ለተቋረጠበት ቀን የሚቀነሰው ገንዘብ በውሉ ላይ ሳይጻፍ አትፈርሙ። እኛም የሚቀጥለውን ውል የምናድሰው በዚሁ ነው።