በትሬብ ወደብ ለረዱን አባባ ምስጋና

ይህን የምጽፈው የአንድ ሰው ውለታ ስላለብኝ ነው። ጀልባ ተከራይታችሁ ደቡብ ፈረንሳይን ለማየት የምታስቡ ካላችሁም ይጠቅማችኋል።

አምስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ፍራንክፈርት፣ ሁለቱ ብራስልስ፣ አንዷ ሊዮን እንኖራለን። በነሐሴ ወር ከትሬብ ከተማ ተነስተን ካናል ዱ ሚዲ በሚባለው ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ ወደ ካርካሶን ለመሄድ ተቀጣጠርን። እዚያ የኪራይ ጀልባ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ትንሽ ያሠለጥኗችሁና መሪውን ያስረክቧችኋል። እኔን ያስፈራኝም ይሄ ነው። ከአምስታችን ዋና የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ያሠለጠኑን ሰው ሽበታም ናቸው። የሊዮኗ ጓደኛችን ገና በመጀመሪያው ሰዓት አፏ አምልጧት «አባባ» አለቻቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። ስትነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም አባባ አልናቸው።

ሌላ ቦታ የተከራየ ወዳጄ በሩብ ሰዓት ገለጻ ቁልፉን ሰጥተው እንደሸኙት ነግሮኝ ነበር። አባባ ግን ብስክሌታቸውን ጀልባው ላይ ጫኑና እስከ መጀመሪያው ኤክሉዝ አብረውን ሄዱ። ኤክሉዝ ማለት ጀልባውን እንደ አሳንሰር ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የውሃ በር ነው። ጀልባው ይገባል፣ ከኋላው ይዘጋል፣ ውሃው ሲሞላ አብሮ ይነሳል። የካናሉ ኤክሉዞች ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ እንቁላል ወደ ጎን ሰፋ ብሏል። አባባ ሁለት መዳፋቸውን አጉብጠው ምክንያቱን አሳዩን። ግድግዳው እንደዚያ ሲጎብጥ አፈሩ ገፍቶ አይንደውም።

ስለ ገመዱ ሦስት ጊዜ ነገሩን። «ስትወርዱ እንዳታስሩት! በእጃችሁ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ልቀቁት።» ከታሰረ ውሃው ሲጎድል ጀልባው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁላችንንም ተራ በተራ አስያዙን። ውሃ የምትፈራዋን ጓደኛችንን ለብቻዋ ሁለቴ አለማመዷት። ከዚያ ብስክሌታቸውን አውርደው በካናሉ ዳር ወደ ትሬብ ተመለሱ።

በማግስቱ ሞተሩ ጋለና የማስጠንቀቂያ ድምፅ አሰማ። ደወልንላቸው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በመኪና መጡ። ክዳኑን ከፍተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱና ከውሃ ማጣሪያው ጭብጥ ሙሉ የረጠበ ቅጠል አወጡ። ጠግነው ዝም ብለው አልሄዱም። ቅጠሉን መልሰው ከተቱትና «አሁን አንቺ አውጪው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ማጣሪያውን የማጸዳው እኔ ነኝ።

ካርካሶን ስንደርስ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ወደብ ጀልባችንን አሰርን። በአሮጌው ድልድይ በእግር ተሻግረን በቅጥር ወደታጠረው የጥንት ምሽግ ከተማ ወጣን። ድርብ ቅጥር ነው፤ 52 ማማዎች አሉት። በሁለቱ ቅጥሮች መካከል በጠዋት፣ ቱሪስቱ ሳይመጣ መሄድ እንዴት ደስ እንደሚል! ወደ ከተማው መግባት በነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለውስጡ ቤተ መንግሥትና ቅጥሩ ላይ ለመውጣት ነው። ብዙው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የታደሰ ቢሆንም የዘመናት ግንብ መሆኑን ድንጋዩ ይናገራል። ጎንደሬው ጓደኛችን ግድግዳውን እየዳበሰ ፋሲል ግንብን አነሳ። እውነትም የካናሉ ሥራ በፈረንጆች 1666 ሲጀመር ፋሲለደስ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ካናሉን ያሠራው ፒየር ፖል ሪኬ ግን ምርቃቱን አላየም፤ በ1680 ሞተ፣ ካናሉ በ1681 ተከፈተ። ይሄን ስሰማ አንጀቴን በላው።

ስንመለስ ቁልቁል ነበር። ፍሬስኬል የሚባሉት ኤክሉዞች ላይ ገመዱን የያዘችው ያቺው ውሃ የምትፈራዋ ነች። ጀልባው ወደ ታች ሲሰምጥ ከንፈሯን ነክሳ፣ ገመዱን ክንድ በክንድ እየለቀቀች አወረደችን። ማንም አላገዛትም።

ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ጀልባው ላይ ሽሮ ነበር የሚሠራው። ጀበናም ይዘን ነበር። ትሬብ ስንገባ ቡናው እየተቆላ ነበርና አባባን ጠራናቸው። አቦሉን ቆመው ጠጡ። ለቶናው ተቀመጡ። በረካውን ሳይጠጡ አልሄዱም።

ሳላስፈቅድ ስማቸውን አልጽፍም። ትሬብ ለመከራየት ካሰባችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ አሠልጣኙ እስከ መጀመሪያው ኤክሉዝ አብሯችሁ ይሄዳል? ኤክሉዞቹ ለምሳ እንደሚዘጉም አትርሱ። ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር አይበልጥምና ቀኑን ሰፋ አድርጋችሁ ያዙ።

አባባ፣ ይህን የሊዮኗ ልጅ በፈረንሳይኛ ታነብልዎታለች። ስለ ትዕግሥትዎ እግዜር ይስጥልን። ለሚቀጥለው ዓመት ቡናውን ከአሁኑ አስቀምጠንልዎታል።