ጎሮ አካባቢ ያለው የነፃ ስፌት ሥልጠና፦ ማስተማሩን ችለውበታል፣ ማስቀጠሩ ላይ ግን...

አዲስ አበባ፣ ከጎሮ አለፍ ብሎ ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚወስደው መንገድ ስላለው የነፃ ስፌት ሥልጠና ብዙ ሴቶች ስለሚጠይቁኝ ልጻፈው። ሥራ ለሌላቸውና ትምህርት ላቋረጡ ነው የተከፈተው። እኔም እንደዛው ነው የገባሁት።

ሥልጠናው አሪፍ ነው። በደብተር አያደክሟችሁም። መጀመሪያ ያለ ክር ወረቀት ላይ ነው የሚያሰፏችሁ፣ ቀጥታ መስመር፣ ከዚያ ማዕዘን፣ ከዚያ ክብ፣ እግራችሁ ፔዳሉን እስኪለምደው ድረስ። ቀጥሎ ሲንጀር (ተራው የስፌት ማሽን)፣ ከዚያ ኦቨርሎክ (የጨርቁን ጠርዝ የሚዘመዝመው)። አሠልጣኟ ፋብሪካ የሠራች ስለሆነች ሰዓት ይዛ ነው የምታሠራው። ያናድዳል፤ ግን ፋብሪካ ስትገቡ ሱፐርቫይዘሩ በሰዓት ይህን ያህል ቁራጭ አውጡ ሲል አትደነግጡም።

ጣጣው ከሰርተፊኬቱ በኋላ ነው። እናስቀጥራችኋለን ብለው ስልካችንን መዘገቡ፣ ከዛ ጭጭ። የተቀጠርነው ራሳችን ፋብሪካ በር ላይ ተሰልፈን ነው።

በፈረንጆቹ 2010 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ቦስተን፣ ኒው ዮርክና ሚልዋኪ ያሉ ሦስት ድርጅቶችን አይቶ ነበር። ድሃ ሥራ ፈላጊዎችን ለተመረጠ ዘርፍ የሚያሠለጥኑ ናቸው። ሠልጣኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልሠለጠኑት 18 በመቶ የበለጠ ገቢ አግኝተዋል። ድርጅቶቹ ታዲያ ቀጣሪው ምን እንደሚፈልግ አጣርተው ነው የሚያሠለጥኑት፣ ለሥራ ፍለጋውም አብረው ይቆማሉ። የኛዎቹ ይሄኛውን ነው የዘለሉት።

ደግሞ መቀጠር ሌላ፣ መቆየት ሌላ። እኛ አገር ለግል ድርጅት በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ የጀማሪ ደመወዝ የቤት ኪራይና የታክሲ ሲከፈልበት ምን እንደሚተርፍ ራሳችሁ አስሉት። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እዚሁ ኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናትም የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀዋል። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም! ከኔ ጋር ከገቡትም ልጅ ያላቸው ናቸው ቀድመው የወጡት፣ ሕፃኑን ማን ይያዝላቸው?

አሜሪካ በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያን ከአጎአ (የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) ስታስወጣ ወደዚያ የሚልኩ የልብስ ፋብሪካዎች ገበያ እንዳጡ አይታችኋል። ስለዚህ በስፌት ብቻ እንዳንንጠለጠል፣ ከስፌቱ ጎን የጥራት ቁጥጥር ወይም የማሽን ጥገና ቢያስተምሩ እመርጥ ነበር።

ለማስተማሩ ከአምስት አራት፣ ለማስቀጠሩ አንድ። ቅርብ የምትኖሩ ግቡበት። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን የትኛው ፋብሪካ እንደሚቀበላችሁና ሰርቪስ እንዳለው በግልጽ ጠይቁ። ምሳም ቋጥራችሁ ሂዱ፣ እዚያ አካባቢ ያሉት ምግብ ቤቶች ዋጋቸው አይቀመስም።