የጣና ዳር ሪዞርት ወይስ መሀል ከተማ ያለው ፎቅ?

ሰሞኑን ባሕር ዳር ነበርኩ። አንዱን ሌሊት ጣና ዳር ሪዞርት፣ ሌላውን መሀል ከተማ ባለ ፎቅ ሆቴል አደርኩ።

በዲዛይን ሪዞርቱን የሚያክል የለም። ግድግዳው የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ፣ ጣሪያው ሣር ነው። በረንዳው ፊቱን ወደ ውሃው አዙሯል። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ ከደንገል በተሠራች ታንኳ ቀስ እያለ አለፈ። የመቅዘፊያው ድምፅ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። ጣና 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነ ማታ ይበርዳል፤ ጋቢ እንዳትረሱ።

ፎቁ መስታወት በመስታወት ነው። አዲስ አበባ ቢቆምም ያው ነው።

መስተንግዶው ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሪዞርቱ ውስጥ ዓሣ ጉላሽ አዝዤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ። ይቅርታ ያለኝም የለም። በጣም ከፋኝ። ፎቁ ላይ እንግዳ ተቀባይዋ "እንኳን ደህና መጡ፣ ደክሞዎታል፣ ሻንጣውን ለእኛ ይተዉት" አለችኝ። በማለዳ በጀልባ ወደ ዘጌ እንደምሄድ ስነግራት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቁርሴን አስቋጥራ ጠበቀችኝ። እንቁላሉ ገና ትኩስ ነበር።

ለጫጉላ ከሆነ ሪዞርቱን ምረጡ። እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ ግን ፎቁ ይሻላል፤ ሊፍት አለው፣ የሪዞርቱ ደረጃ ጉልበት ይፈትናል።