ለፊልም ፕሮስቴቲክ (ተዋናይ ላይ ለሚለጠፍ የውሸት ቁስል፣ አፍንጫ ወይም ጉንጭ) የትኛውን ልግዛ? ድራጎን ስኪን፣ ፕላትሲል፣ ኢኮፍሌክስ ወይስ ጄላቲን

የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብታችሁ «ሲሊኮን አለ?» ብትሉ ባለሱቁ የሚያወጣላችሁ የመስኮት ማሸጊያውን ነው፤ ያንን አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን። በሱ ቁስል ወይም የሽማግሌ ጉንጭ ሠርቼ ተዋናይ ላይ እለጥፋለሁ ብሎ ያሰበ ካለ ሐሳቡን እዚያው ሱቅ በር ላይ ይተው። የሚሸተው ማሸጊያው ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ነው፤ ቆዳ ይቆጣበታል። ፈልጋችሁ ፈልጋችሁ ደግሞ በትልቅ ጣሳ የሚሸጥ፣ ከጎኑ ትንሽ የማርጊያ ጠርሙስ ያለው ነጭ ሲሊኮን ታገኙ ይሆናል። ይሄኛው በቲን (ቆርቆሮ በሚባለው ብረት) ውህድ የሚረጋው ዓይነት ነው። ሻማና የጀሶ ጌጥ ለሚያወጣ ሰው ጥሩ ሞልድ (የማፍሰሻ ቅርጽ) ይወጣዋል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። ለተዋናይ ፊት ግን አይሆንም፤ እያደርም እየተሰበሰበ ልኩን ያጣል።

ለፊት የሚሆነው በፕላቲኒየም ከሚረጋው የሲሊኮን ወገን ነው። ከዚያ ውስጥ በሜካፕ አርቲስቶች እጅ ደጋግመው የሚታዩትን ሦስቱን እናወዳድር፦ የስሙዝ-ኦን ድራጎን ስኪን ኤፍኤክስ-ፕሮ፣ የዚያው ድርጅት ኢኮፍሌክስ 00-30፣ እና የፖሊቴክ ፕላትሲል ጄል-10። ሁለቱም ድርጅቶች መቀመጫቸው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ነው። ሦስቱም «ኤ» እና «ቢ» በሚባሉ ሁለት ጠርሙሶች ይመጣሉ፤ እኩል በእኩል ይደባለቃሉ።

ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ነው የሚለሰልሰው?» ብሎ ነው። እኔም ድሮ እንደዚያው ነበርኩ። ግን ካሜራ ዳስሶ አያውቅም፤ አይቶ ነው የሚፈርደው። መጀመሪያ የሚያየውም ጠርዙን ነው፤ ቁራጩ አልቆ የሰውየው ቆዳ የሚጀምርበትን መስመር። ስለዚህ እኔ ዕቃ የምመርጠው ሁለት ነገር ጠይቄ ነው። ጠርዙ እንዴት ይጠፋልኛል? ከተደባለቀ በኋላስ ስንት ደቂቃ ይሰጠኛል?

ሦስቱ ጎን ለጎን

ድራጎን ስኪን ኤፍኤክስ-ፕሮ፦ ሾር በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ ይለሰልሳል) 2ኤ፤ ለሥራ 12 ደቂቃ ይሰጣል፤ በ40 ደቂቃ ከሞልድ ይወጣል።
ፕላትሲል ጄል-10፦ ሾር 10ኤ፤ ለሥራ 6 ደቂቃ፤ በ30 ደቂቃ ገደማ ይወጣል።
ኢኮፍሌክስ 00-30፦ በጣም ለስላሳ ነገር በሚለካበት በሾር 00 መለኪያ 30፤ ለሥራ 45 ደቂቃ፤ 4 ሰዓት ይፈልጋል።

ኢኮፍሌክስን ቶሎ ልጨርሰው። እጅ ላይ ደስ ይላል፣ እንደ ጎማ ይሳባል፣ 45 ደቂቃውም ለጀማሪ ፋታ ነው። የውሸት ቦርጭ፣ የነፍሰ ጡር ሆድ፣ ከልብስ ሥር የሚገባ ነገር ከሆነ ሥራችሁ እሱን ግዙ። ለፊት ግን አልመክረውም። ስስ ጠርዙ ከሞልድ ሲላቀቅ ቶሎ ይቀደዳል ወይም ይጠቀለላል፤ አንዴ የተጠቀለለ ጠርዝ ደግሞ መልሶ አይተኛም።

ፕላትሲል ጄል-10 ብቻውን ሲወጣ ለጉንጭ ይጠነክራል። ብልሃቱ ዴድነር የሚባለው ማለስለሻ ላይ ነው። ጥቂት ካከላችሁበት አፍንጫ ይሆናል፣ ጨመር ስታደርጉ ጉንጭ፣ አብዝታችሁ ስትጨምሩ ከአገጭ ሥር የሚንጠለጠል የሽማግሌ ቆዳ። አንድ ዕቃ ገዝቶ ሦስት ዓይነት ሥጋ ማውጣት ማለት ነው፤ ትልልቅ ሥራ የሚሠሩት የሚወዱትም ለዚህ ይመስለኛል። ክፉ ጎኑ 6 ደቂቃው ነው። በ6 ደቂቃ ውስጥ መዝኖ፣ አማስሎ፣ ቀለም አግብቶ፣ አረፋ ሳይዝ ማፍሰስ ልምድ ይጠይቃል። ብቻዬን ስሠራ ሁለት ጊዜ ጽዋው ውስጥ ረግቶብኛል።

ኤፍኤክስ-ፕሮ መሐል ላይ ነው። ሲወጣ ጀምሮ ለስላሳ ስለሆነ ምንም ሳትጨምሩበት ፊት ላይ ይውላል፤ 12 ደቂቃውም አያጣድፍም። ይበልጥ ይለስልስ ከተባለ ስላከር የሚባል የራሱ ማለስለሻ አለው፤ ስላከር ሲበዛበት ግን ሙጫ ሙጫ ይላል። ለመጀመሪያ ግዢ የቱን ትላለህ ካላችሁኝ እሱን ነው፤ ትንሹ ማስጀመሪያ 0.9 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለብዙ ቁስልና ለሁለት ሦስት አፍንጫ ይበቃል።

ጠርዙ እንዴት ይጠፋል?

ባዶ ሲሊኮን ከሲሊኮን በቀር የሚጣበቅበት ነገር የለም፤ ቀለምም አይዝለትም። ጠርዙን የምትሸፍኑት ቆዳ ላይ በሚረጋ ሌላ ሲሊኮን፣ ለምሳሌ በስኪን ታይት ነው። ይሠራል፤ ግን እጅ ይፈልጋል፤ ከተበላሸ ከሥር ጀምሮ መድገም ነው።

ሌላው መንገድ ቁራጩን በስስ ፕላስቲክ ማልበስ ነው። ተዋናይን መላጣ የሚያስመስለው ቆብ የሚሠራበትን ፈሳሽ ፕላስቲክ አቅጥናችሁ ሞልዱ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ትቀባላችሁ። ሲደርቅ በዴድነር ወይም በስላከር የለሰለሰውን ሲሊኮን ታፈሱበታላችሁ፤ ተመሳሳይ ቅብ ያለበት ሌላው የሞልድ ገጽ ይከደንበታል። ሲወጣ ከረጢት ውስጥ ያለ ሥጋ ይመስላል። ጠርዙ ላይ ሲሊኮን አይደርስም፤ የሚተርፈው ያ ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ቆዳ ላይ ለጥፋችሁ ቀጭን ብሩሽ 99 ከመቶ አልኮል ውስጥ ነክራችሁ በጠርዙ ላይ ስታስኬዱ መጀመሪያ ይጨማደዳል፤ ቀጥሎ እንደ ረጠበ የሲጋራ ወረቀት ልጥፍ ይላል፤ ሦስተኛ ስትመልሱት መስመሩ የት እንደነበር እናንተም አታገኙትም። ይህን ካየሁ ወዲህ ባዶ ሲሊኮን ፊት ላይ አልለጠፍኩም።

ፕላስቲኩን ስትገዙ በአሴቶን የሚሟሟም በአልኮል የሚሟሟም አለ። በአልኮል የሚሟሟውን ውሰዱ፤ እኔ አሴቶንን ዓይን አጠገብ አላደርስም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 ከመቶ አልኮል ግን ውሃ ስለበዛበት ጠርዙን አያሟሟም፤ ይህን ያወቅሁት ተዋናዩ ተቀምጦ ዳይሬክተሩ ሰዓቱን እያየ ነው። የለበሰ ቁራጭ ሌላም ጥቅም አለው፤ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ሲደርቅ ጥርት በሚለው በፕሮስ-ኤድ ይጣበቃል፣ በአልኮል የሚሠሩ የሜካፕ ቀለሞችንም ይይዛል።

ሳይረጋ ሲቀር

የመጀመሪያውን ኤፍኤክስ-ፕሮዬን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። የላቴክስ ጓንት አድርጌ አማሰልኩ፣ በጓንቱ ጣት የሞልዱን ጥግ ጠረግሁ። መሐሉ በሰዓቱ ረጋ። ጓንቱ የነካው ሁሉ ግን በማግስቱም እንደ ማር ይጎተት ነበር። ላቴክስ ውስጥ ያለው ሰልፈር ፕላቲኒየሙን ሥራ ያስፈታዋል። ሰልፈር ያለበት የቅርጻ ቅርጽ ክሌይም እንደዚያው ነው፤ አንዳንድ የ3ዲ ፕሪንተር ሬዚንም ያግደዋል። ከሁሉ የባሰው ወጥመድ ደግሞ ከላይ ያልኩት ነጭ ሲሊኮን ነው፤ በሱ ሞልድ ሠርታችሁ ፕላቲኒየሙን ብታፈሱበት ሁለቱንም አጣችሁ። ስለዚህ ሲሊኮኑን ስታዙ ናይትሪል ጓንትና «ሰልፈር የለበትም» የሚል ክሌይ አብራችሁ እዘዙ። የማታውቁት ሞልድ ከሆነ ጥግ ላይ አንድ ማንኪያ አፍሳችሁ ሞክሩ።

የአዲስ አበባ ሰው ሌላ ሁለት ነገር ይወቅ። እነዚያ ደቂቃዎች የተለኩት 23 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ነው፤ ስሙዝ-ኦን ከ18 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ እንዲረጋ አትተዉት ይላል። የክረምት ጠዋት በቆርቆሮ ቤት ስቱዲዮ 18 ዲግሪ ሕልም ነው፤ ጠርሙሶቹንም ሞልዱንም አስቀድማችሁ አሙቁ። ቆላ ከወረዳችሁ ተቃራኒው ይመጣል፤ የፕላትሲሉ 6 ደቂቃ ሳታስቡት ያልቃል።

ሁለተኛው የቫኪዩም (አየር መምጠጫ) ፓምፕ ነገር ነው። መመሪያው አረፋ ለማውጣት ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) 29 ኢንች አድርሱ ይላል። የኔ ከ22 አልፎ አያውቅም። ፓምፑ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ጊዜ አስፈታሁት፤ ዘይት ቀየርኩ፣ ጎማ ቀየርኩ። ለካ ፓምፑ ደህና ነው! 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን ሰዎች አየራችን ራሱ ስስ ስለሆነ ጌጁ ከ22 ወይም 23 በላይ የሚያሳየው የለም። ድብልቁ ሲነፋ፣ ተመልሶ ሲወርድ፣ መፍላቱን ሲያቆም ማየት ይበቃል። በነገራችን ላይ ለትንሽ ቁስል ፓምፕ አትግዙ፤ ከፍ አድርጋችሁ እንደ ክር አቅጥናችሁ ማፍሰስ አብዛኛውን አረፋ ያፈርሰዋል።

ጄላቲን፦ ለአንድ ቀን ቁስል

ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ልግዛ ብሎ የሚደውልልኝን ሰው ጄላቲን ግዛ ብዬ እመልሰዋለሁ። አንድ ትዕይንት፣ አንድ የተቆረጠ ግንባር፣ ግማሽ ቀን ቀረጻ ከሆነ ጄላቲንና ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ግሊሰሪን ይበቃዋል። ሞቆ ይቀልጣል፣ ሞልድ ውስጥ ይረጋል፣ ካልተወደደ እንደገና ይቀለጣል። ብርሃን እንደ ቆዳ ያስገባል፣ ጠርዙም በትንሽ ሙቅ ውሃ ይሟሟል። ጠላቱ ላብና ሙቀት ነው። ከትልቅ መብራት ሥር ለሰዓታት የሚቆም፣ የሚሮጥ፣ አፋር ሄዶ የሚቀረጽ ተዋናይ ላይ አታድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ አገጩ ይወርድባችኋል።

አንድ ነገር ግን ከተዋናዩ አትደብቁ። ብዙ ጄላቲን ከአሳማ ነው የሚሠራው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በከንፈሩ ጥግ የሚለጠፈው ከምን እንደሆነ ሳይነገረው ቢያውቅ ያዝናል፤ ልክም ነው። የከብት ወይም ሐላል የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግዙና ማሸጊያውን አሳዩት።

ፎም ላቴክስ፣ ማለትም በአረፋ የተነፋ ላስቲክ፣ የዚህ ሙያ አባት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሆሊውድ ሲሠራበት ኖሯል። ቀላል ነው፣ ላብ ያሳልፋል፤ ግን ብርሃን አያስገባም፣ ማሽንና የራሱ ምድጃ ይፈልጋል። ፊት ሙሉ ጭምብል ለሚሠራ ስቱዲዮ ካልሆነ ወጪው አያዋጣም። የሜካፕ ባለሙያዎቹ ግሬግ ካኖምና ዌስሊ ዎፎርድ እ.ኤ.አ. በ2005 ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት የተሰጣቸው ለሜካፕ ባዘጋጁት ልዩ የሲሊኮን ውህድ ነበር፤ ፎም ላቴክስ የማያስገባውን ብርሃን ሲሊኮን ያስገባልና፣ ፊት ላይ የብርሃኑ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚመዝን ከዚህ ይገባችኋል። ሲሊኮን በበኩሉ ክብደት አለው፤ አንድ ኩባያ ሙሉ ሲሊኮን ከአንድ ኩባያ ውሃ ትንሽ ይበልጣል። ያንን አገጭ ላይ አንጠልጥሎ አሥር ሰዓት መዋል ቀላል አይደለም።

ዝግጁ ቁራጭስ?

ተሠርቶ የተቀባ ቁስል ወይም አፍንጫ መግዛት ጊዜ ይቆጥባል፤ ለኛ ቆዳ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። እኛ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን የምንለየውን የቁራጮቹ ሠሪዎች በአንድ ስም «የሥጋ ቀለም» ይሉታል፤ ቀለሙም ሮዝ ነው። ላዩን ብትቀቡት እንኳ ከውስጥ የሮዙ ወተትማ ቀለም ይወጣና ጠይሙን ፊት አመድ የነካው ያስመስለዋል። ሳይቀባ የሚሸጥ፣ ብርሃን አሳላፊ ቁራጭ ካገኛችሁ ግዙ። ራሳችሁ የምታፈሱ ከሆነ ቡናማ፣ ቀይና ጥቂት ቢጫ የሲሊኮን ቀለም ይበቃችኋል፤ ነጩን ጠርሙስ አትክፈቱት። የደም ሥር እንዲመስል ጥቂት ቀይ ፍሎክ (የክር ብናኝ) ብትነሰንሱበት ከውስጥ ሕይወት ይኖረዋል። ከዚያ ናሙናውን ይዛችሁ ተዋናዩን ደጅ አውጡት፤ መንጋጋው ጎን አድርጋችሁ በፀሐይ እዩት። መብራት ሥር የተመረጠ ቀለም ደጅ ሲወጣ ይጋለጣል።

ግዢ ላይ እንግዲህ፦ ጀማሪ ከሆናችሁ ኤፍኤክስ-ፕሮ ከስላከሩ ጋር፣ በአልኮል የሚሟሟ ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ ፕሮስ-ኤድ፣ ግራም የሚለይ ሚዛን። ሽማግሌ ለማድረግ ሙሉ ፊት የምትሠሩና ረዳት ያላችሁ ፕላትሲልና ዴድነር። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የምታስመጡ ደግሞ አሴቶን እንዳታስይዙት፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ጠርሙሶቹ ሲደርሱ የ«ኤ»ን ክዳን በቀይ፣ የ«ቢ»ን በሰማያዊ ምልክት አድርጉ። ክዳን የተቀያየረ ለት አንገቱ ላይ የቀረችው ጠብታ ትረጋና ጠርሙሱ ዳግመኛ አይከፈትም።

የማጣበቂያውን ማስለቀቂያም በዚያው ቀን ግዙት። እኔ አንድ ጊዜ ሳልይዝ ሄጄ ማታ ቁራጩን ከተዋናዩ ፊት በእጄ ላጥኩለት፤ በማግስቱ ለቀረጻ ሲመጣ ጉንጩ ላይ የሠራሁት ቁስል ቅርጽ በቀይ ታትሞ ነበር።