የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሲገዙ፦ የፋብሪካው ፈርምዌር፣ ታስሞታ እና ኢኤስፒሆም ለድሬዳዋ ቤት ሲነጻጸሩ

ውሃ በፈረቃ በሚደርሳቸው የድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ምድር ላይ ካለው ታንከር ወደ ጣሪያው ሮቶ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ የቤቱ አንድ አካል ሆኗል። ፓምፑን በየዕለቱ በእጅ ማብራትና ማጥፋት የሰለቸው የሆቴል፣ የክሊኒክ ወይም የመኖሪያ ቤት ባለቤት በዋይፋይ የሚሠራ አነስተኛ መቆጣጠሪያ ሊገዛ ሲነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ ስልክ መተግበሪያው ነው። በእኔ እምነት ግን ከሁለቱም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው በዕቃው ውስጥ የተጫነው ፈርምዌር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያዝዘው ፕሮግራም ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓምፑ ምን እንደሚሆን፣ ራውተሩ ሲጠፋ ሥራው መቀጠል አለመቀጠሉን፣ የገጠመው ባለሙያ ከከተማ ሲወጣም ማን ሊያስተካክለው እንደሚችል የሚወስነው እርሱ ነውና።

ንጽጽሩ የተመሠረተው በአንድ ዓይነት ሃርድዌር ላይ ነው። መቀመጫው ሻንጋይ የሆነው ኤስፕሬሲፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢኤስፒ8266 የተባለውን ቺፕ፣ በ2016 ደግሞ ብርቱ የሆነውን ኢኤስፒ32 ለገበያ አቅርቧል። ሁለቱም በ3.3 ቮልት ይሠራሉ፤ የሚያውቁትም የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ፣ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እንዲያሠራጭ የተስተካከለ ራውተር ለእነርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። አንዱ ቦርድ ከፋብሪካው ይዞት በመጣው ፈርምዌር ሊቀጥል፣ ወይም ታስሞታ አለዚያም ኢኤስፒሆም የተባለ ሌላ ፈርምዌር ሊጫንበት ይችላል። ሁለቱ አማራጮች በነጻ የሚገኙ በመሆናቸው ገዢው የሚከፍለው ለቦርዱ፣ ለኃይል ማቅረቢያውና ለባለሙያው ድካም ነው።

ፋብሪካው የጫነው

እንደ ሶኖፍ ያሉ ዕቃዎች በኢዊሊንክ፣ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ በቱያ የመተግበሪያና የሰርቨር ሥርዓት ላይ ተመሥርተው ይመጣሉ። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ መተግበሪያውን ስልክ ላይ ጭኖ ዕቃውን ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ጉድለታቸው ደግሞ ትእዛዙ በአብዛኛው በውጭ አገር ባለ ሰርቨር በኩል የሚያልፍ መሆኑ ነው። አንዳንዶቹ በቤት ውስጥ ኔትወርክ ብቻ የመታዘዝ ችሎታ ቢኖራቸውም፣ ከሁለት ሴንሰሮች ተነሥተው ውሳኔ እንዲሰጡ የሚፈለገውን ደንብ በዕቃው ውስጥ ለመጻፍ ያላቸው ቦታ ጠባብ ነው። አንድ መብራት በስልክ ለማብራትና ለማጥፋት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይበቃሉ፤ ታንከሩ ባዶ ሲሆን መቆም ላለበት ፓምፕ ግን አልመክራቸውም።

በኋላ ፈርምዌሩን እለውጣለሁ ብሎ እነዚህን ዕቃዎች የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ማጣራት ያለበት ነገር አለ። ቱያ በጊዜ ብዛት ከኤስፕሬሲፍ ቺፖች ወደ ቤከን ኩባንያ ቺፖችና ወደ ሌሎች ስለተሸጋገረ፣ በመልክ ፍጹም አንድ የሚመስሉ ሁለት ሶኬቶች በውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል። ታስሞታ በቤከን ቺፕ ላይ አይሠራም። ለዚያ ኦፕንቤከን የተባለ ሌላ ፈርምዌር አለ፤ ኢኤስፒሆምም ከ2023 ወዲህ እነዚህን ቺፖች መደገፍ ጀምሯል። አሸዋም ሆነ ታይዋን ገበያ ዕቃውን ሲያነሡ ሻጩ የቺፑን ዓይነት ሊነግርዎት ካልቻለ፣ ቺፑ በግልጽ የሚታይበትን ባዶ የኢኤስፒ ቦርድ መግዛት ይሻላል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ

ታስሞታን ቴዎ አረንድስ የተባለ ባለሙያ የጀመረው ሲሆን፣ አሠራሩ በአንድ የተዘጋጀ ፋይል ላይ የተመሠረተ ነው። ፋይሉ አንድ ጊዜ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው የቺፑ እግር የሪሌይ (በቺፑ ትእዛዝ ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ የትኛው የሴንሰር እንደሆነ በስልክ ማሰሻ ከሚከፈት ገጽ ላይ ይመረጣል። ኢኤስፒሆምን ኦቶ ዊንተር ጀመረው፤ ዛሬ የሚተዳደረው በኦፕን ሆም ፋውንዴሽን ሥር ነው። በእርሱ ዘንድ የሚፈለገው ሁሉ ያምል በተባለ የጽሑፍ ፋይል ይጻፍና ኮምፒውተር ላይ ተቀናብሮ ለዚያ ዕቃ ብቻ የሚሆን ፈርምዌር ይወጣል። አንድ ቁጥር ለመለወጥ እንኳ እንደገና ማቀናበርና መጫን ያስፈልጋል።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው መብራት ሲቆራረጥ ነው። ታስሞታ እንደመጣ ከተተወ ኃይል ሲመለስ ሪሌዩን ወደ ነበረበት ሁኔታ ይመልሳል፤ ሲሠራ የነበረ ፓምፕ ቮልቴጁ ገና ሳይረጋ እንደገና ይነሣል ማለት ነው። ለፓምፕ ፓወርኦንስቴት የተባለውን ትእዛዝ ዜሮ አድርጎ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያስነሣ ደንብ መጻፍ ይገባል። ኢኤስፒሆም ደግሞ ካልታዘዘ በስተቀር ሪሌዩን አጥፍቶ ስለሚነሣ በዚህ ረገድ ከመነሻው ጠንቃቃ ነው።

ከዚህ የባሰ ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው ግን ብዙ ሻጮች የማይጠቅሱት የታስሞታ ባሕርይ ነው። ኃይሉ ከ10 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሰባት ጊዜ በተከታታይ ጠፍቶ ከበራ፣ ዕቃው ባለቤቱ ይለፍ ቃሉን ረስቶ ሊያድሰው የፈለገ ይመስለውና ቅንብሩን በሙሉ ደምስሶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የተሠራው ለበጎ ነው፤ ነገር ግን መብራት ሊሄድ ሲል ብልጭ ድርግም በሚልበት መስመር ላይ፣ ዕቃው በአንድ ምሽት የዋይፋዩን ስምም የፓምፑን ደንብም ሊረሳ ይችላል። ሴትኦፕሽን65 የተባለውን ምርጫ 1 ማድረግ ይህን ያስቀራል። ታስሞታ የጫነልዎትን ባለሙያ በመጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ይህን ምርጫ ማስተካከሉን ነው።

ኢኤስፒሆምም የራሱ አደጋ አለው። ከዋይፋዩ ጋር ሳይገናኝ 15 ደቂቃ ካለፈው ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፤ ዋይፋዩ እያለም በኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም ከዕቃው ጋር በሚነጋገርበት መንገድ) በኩል የሚያነጋግረው ሰርቨር ካላገኘ እንዲሁ ያደርጋል። ሰርቨር በሌለበት ቤት ውስጥ ይህ ማለት ፓምፑ በየ15 ደቂቃው ይቆማል ማለት ነው። መድኃኒቱ ራሱን አጥፍቶ የሚነሣበትን የጊዜ ገደብ በያምሉ ውስጥ ዜሮ ሰከንድ ማድረግ፣ ኤፒአዩን የሚጠቀምበት ከሌለም ጨርሶ ማውጣት ነው። ቅንብሩ ሁለት መስመር ብቻ ቢሆንም የማያውቀው ባለሙያ ጥፋቱን በቦርዱ ላይ ያላክካል።

ውሳኔው የት ይሰጣል

ሁለቱም ፈርምዌሮች ያለ ኢንተርኔትና ያለ ራውተር በራሳቸው ሊወስኑ ይችላሉ። ይህ ግን የሚሆነው የሮቶው ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ከዚያው ቦርድ ጋር በሽቦ ሲያያዝ ነው። አንዱን ቦርድ ጣሪያ ላይ፣ ሌላውን ምድር ላይ አድርጎ በዋይፋይ ማነጋገር ለዓይን ንጹሕ ቢሆንም፣ ራውተሩ በጠፋ ሰዓት ምድር ያለው ፓምፕ ሮቶው መሙላቱን አይሰማም። ሽቦ መዘርጋት የሚያስከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ ተገቢ ወጪ ነው እላለሁ። በዚህ ላይ የድሬዳዋ ውሃ ጨዋማና ድንጋይ የሚያስቀር ስለሆነ፣ የውሃውን ደረጃ ለመለካት ውስጡ የሚነከሩ የብረት ዘንጎች በጊዜ ብዛት ቅርፊት ይይዛሉ፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ሲሳሳት የሚያድን የጊዜ ገደብ ያስፈልጋል። በታስሞታ ፐልስታይም የሚባለው ትእዛዝ ይህን ያደርጋል። ከ112 ጀምሮ ያለው ቁጥር 100 ተቀንሶለት በሰከንድ ስለሚነበብ፣ ፓምፑ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ለማድረግ የሚጻፈው 3700 ነው። በኢኤስፒሆም ያው ገደብ «ሲበራ 60 ደቂቃ ጠብቀህ አጥፋ» በሚል ትእዛዝ ይገለጻል፤ ይህም ለሚያነብበው ሰው ይበልጥ ግልጽ ነው።

ደንቡ ሲወሳሰብ ኢኤስፒሆም ይበልጣል። ፓምፑ ውሃ ሳይኖር ሲሽከረከር የሚወስደው ኃይል እንደሚቀንስ በመጠቀም፣ ኃይል የሚለካ ቺፕ ካለው ቦርድ ጋር ደረቅ ፓምፕን ማቆም ይቻላል። ወሰኑ ግን ለእያንዳንዱ ፓምፕ በራሱ ላይ ተለክቶ መወሰን አለበት። በኢኤስፒሆም «ለ10 ሰከንድ ከዚህ በታች ከሆነ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። በታስሞታም ይቻላል፤ ሆኖም ቦታው ሦስት የደንብ ስብስቦች፣ እያንዳንዳቸውም ወደ 500 ቁምፊ ብቻ ስለሆኑ፣ ሦስትና አራት ሁኔታ ሲደራረብ ጽሑፉ ለሌላ ባለሙያ የማይነበብ ይሆናል።

ሰዓትን በተመለከተ ሁለቱም እኩል ደካሞች ናቸው። ቦርዱ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ስለሌለው ጊዜውን ከኢንተርኔት ይጠይቃል፤ መብራት ተመልሶ ኢንተርኔት ካልተመለሰ የጊዜ ሠሌዳው አይሠራም። ውሃ የሚመጣው በሌሊት ሲሆን ይህ ዋና ጉዳይ ነው። የተለየ የሰዓት ቺፕ መጨመር መፍትሔ ቢሆንም፣ ለኢኤስፒ8266 የተዘጋጀው መደበኛው የታስሞታ ፋይል ዲኤስ3231 የተባለውን ቺፕ ስለማያካትት ባለሙያው ፋይሉን ራሱ ማቀናበር ይኖርበታል፤ ኢኤስፒሆም ላይ የሰዓት ቺፕ የሚታከለው በያምሉ ውስጥ ነው። ቅንብሩን የሚያደርግ ሰው የሰዓት ቀጠናውን 3 ማድረጉን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብለው የነገሩትንም 03:00 ብሎ መጻፉን ያረጋግጡ።

ፋይሉ በማን እጅ ነው

ለገዢ ትልቁ ልዩነት ይህ ይመስለኛል። የታስሞታ ቅንብር በዕቃው ውስጥ ስለሚኖር፣ ባለቤቱ ወይም ሌላ ኤሌክትሪሺያን ገጹን ከፍቶ ያየዋል፣ ይለውጠዋል፣ ቅጂውንም ወደ ስልኩ ያወርዳል። በኢኤስፒሆም ግን ዕቃው ላይ የሚቀረው የተቀናበረው ውጤት ብቻ ነው። ያምሉ በባለሙያው ላፕቶፕ ውስጥ ቀርቶ ባለሙያው ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ፣ የፓምፑን የጊዜ ገደብ ከ60 ወደ 40 ደቂቃ ለማውረድ እንኳ ሥራው ከባዶ ይጀመራል። ስለዚህ ኢኤስፒሆም የሚገጥም ሰው ያምሉን፣ የማደሻውን ይለፍ ቃልና የኤፒአዩን ቁልፍ ከዕቃው ጋር በፍላሽ እንዲያስረክብ በውሉ ላይ ይጻፍ። ታስሞታም ያለ ይለፍ ቃል የሚከፈት ገጽ ይዞ ስለሚመጣ፣ የሆቴል እንግዶች በሚጠቀሙበት ዋይፋይ ላይ ይለፍ ቃል ሳይሰጡት መተው አይገባም።

የዳታ ወጪም ልዩነት አለው። ለኢኤስፒ8266 የሚሆነው የታስሞታ ፋይል ከ1 ሜጋባይት በታች ሲሆን፣ ኢኤስፒሆምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማቀናበር የሚወርዱት መሣሪያዎች በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠሩ ናቸው። በዋይፋይ ሲታደሱ ደግሞ፣ ኢኤስፒ8266 አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ በሚገለብጥባቸው የመጨረሻ ሰከንዶች መብራት ከሄደ በኬብል ካልተጫነ አይነሣም። ኢኤስፒሆም የተጫነበት ኢኤስፒ32 ግን አዲሱን ባዶ በሆነው ሁለተኛ ክፍል ስለሚጽፍ አሮጌው ሳይነካ ይቆያል። የዋጋው ልዩነት ካላስጨነቀ ኢኤስፒ32 ይግዙ።

ኢኤስፒኢዚ የተባለው ሦስተኛው አማራጭም እንደ ታስሞታ በገጽ የሚቀናበር ሲሆን፣ ብዙ ዓይነት ሴንሰር ለሚሞክር ተማሪ ተስማሚ ነው። መቆጣጠሪያ አምርቶ ለመሸጥ የሚያስብ ወጣት ደግሞ ታስሞታ በጂፒኤል 3 ፈቃድ የሚሰራጭ መሆኑን፣ ለውጦ ከሸጠውም የለወጠውን ምንጭ ኮድ ለገዢው ማቅረብ እንደሚጠበቅበት ይወቅ። በአፓቼ 2 ፈቃድ የሚሰጡት የኤስፕሬሲፍ የራሱ የፕሮግራም መሥሪያና ዜፈር የተባለው ሥርዓተ ክወና ይህ ግዴታ የለባቸውም።

እንግዲህ አንድ ቤት ወይም አንድ ሱቅ ያለው፣ ተንሳፋፊና የጊዜ ገደብ የሚበቃው፣ የሚያውቀው ባለሙያ የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን የሆነ ሰው ታስሞታን ይምረጥ። በድሬዳዋና በሐረር ብዙ ሕንፃ የሚያስተዳድር፣ ቋሚ ቴክኒሺያን ያለው፣ ደረቅ ፓምፕንና የሁለት ታንከሮችን ደረጃ አጣምሮ መቆጣጠር የሚፈልግ ድርጅት ኢኤስፒሆምን ይያዝ። በሁለቱም ዘንድ የቦርዱ ሪሌይ ፓምፑን በቀጥታ አያንሣ። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 5 አምፔር ገደማ ቢወስድም፣ ሲነሣ የሚስበው የዚህ ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ 10 አምፔር የተጻፈበት ትንሽ ሪሌይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ሪሌዩ ኮንታክተርን (ከባድ ኃይል የሚችል ትልቅ ማብሪያ)፣ ኮንታክተሩ ደግሞ ፓምፑን ያንሣ።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠት በፊት ባለሙያው ባለበት ሦስት ሙከራ ይደረግ። መጀመሪያ ፓምፑ እየሠራ ብሬከሩ ይውረድና ይመለስ፤ ፓምፑ ወዲያው ሳይሆን የተነገረው ደቂቃ ካለፈ በኋላ መነሣት አለበት። ቀጥሎ ኮንታክተሩ ተነቅሎ የመቆጣጠሪያው ኃይል በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ስምንት ጊዜ ይጥፋና ይብራ፤ ቅንብሩ እንዳለ መቆየት አለበት። በመጨረሻ ኮንታክተሩ ተመልሶ ፓምፑ እየሠራ የራውተሩ ሶኬት ይነቀልና 20 ደቂቃ ይጠበቅ፤ ፓምፑ በመካከል መቆም የለበትም፤ ተንሳፋፊው በእጅ ሲነሣ ግን ያለ ራውተሩ እርዳታ ማጥፋት አለበት።