ኦኪቾቢ ወይስ ሌክ ፎርክ?

በጃንዋሪ ባስ ዓሣ ለማጥመድ ጋይድ ልትቀጥሩ ካሰባችሁ፣ እኔ ወደ ፍሎሪዳው ኦኪቾቢ አደላለሁ። ሐይቁ እጅግ ሰፊ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ፀሐይ ቶሎ ስለምታሞቀው ባሱ እንቁላል ለመጣል ገና በጃንዋሪ ወደ ዳር ይወጣል። ጋይዱ ሻይነር የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ከነነፍሱ ከንፈሩን በመንጠቆ ወግቶ ቄጠማው ጥግ ይለቀዋል፤ ተንሳፋፊው ቡሽ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ባሱ ቀርቧል ማለት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም። ድንገት ብርድ ከገባ ግን ዓሣው ሣር ውስጥ ተሸጉጦ መብላቱን ይተዋል።

የቴክሳሱ ሌክ ፎርክ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ማጥመጃውም በሰመጡ ግንዶች መሀል በዝግታ ይጎተታል። ታዲያ 8.25 ኪሎ ገደማ የመዘነው የቴክሳስ ክብረ ወሰን ባስ የወጣው ከዚሁ፣ በጃንዋሪ 1992 ነው። የዳላስ ሰው ደግሞ በመኪናው ደርሶ ይመለሳል፤ አውሮፕላን ምን አስፈለገው!