የሰፈራችንን ቆሻሻ የሚያነሱትን እናት አመስግኑልኝ

የማመሰግናቸው ሰው ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። ፎቶም እምቢ ብለዋል። ጀሞ በእኛ በኩል ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ግን ወዲያው ታውቋቸዋላችሁ። አረንጓዴ ካፖርት፣ አንገት ላይ የተጠመጠመ ነጠላ፣ ከኋላ ጋሪ የሚገፉ ልጆች። ከቤት ቤት እየዞረ ቆሻሻ የሚሰበስበው ማህበር አስተባባሪ ናቸው።

«ስራቸው አይደል እንዴ፣ ምን ይመሰገናሉ?» የሚል አይጠፋም። ቆሻሻ ማንሳቱ አዎ ስራቸው ነው፤ እሱንም አንድ ቀን ሳያጓድሉ ይሰሩታል። እኔ ግን የማመሰግናቸው ስራቸው ላልሆነውም ጭምር ነው።

በክረምቱ ከብሎካችን ጀርባ ያለው ማንሆል ገነፈለ። ምድር ያሉት ቤቶች ከሽታው የተነሳ መስኮት መክፈት አልቻሉም። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ጨቀየ። የብሎኩ ኮሚቴ አንድ ቢሮ ሄደ፤ «እኛን አይመለከትም» ተባለ። ሌላ ቢሮ ሄደ፤ «ደብዳቤ ጽፋችሁ አምጡ» ተባለ። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማህተም ተመታበት፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። (ስብሰባ መቼ ያልቃል?) በዚህ መሃል ጎረቤት ከጎረቤት መነካከስ ጀመረ። ምድር ያለው ፎቅ ላይ ባሉት ያመካኛል፣ ፎቅ ላይ ያለው ምድር ባሉት።

እሳቸው ጠዋት ለቆሻሻ ሲመጡ ጭቅጭቁን ሰሙ። ጋሪውን አስቁመው ሄደው አዩት። «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የዝናብ መውረጃ አይደለም፣ የሽንት ቤት መስመር ነው» አሉን። የዝናቡ ቦይ ቢሆን ኖሮ የመንገዶች ባለስልጣን ጉዳይ ነበር። ይሄኛው ግን የውሃና ፍሳሽ ነው፣ 906 ላይ ይደወላል፣ ስልኩም ነጻ ነው። ኮሚቴው ስንት በር አንኳኩቶ ያላገኘውን መልስ ጋሪያቸው አጠገብ ቆመው ነገሩን።

ስንደውል ምን እንደምንል ሳይቀር አስጠኑን። የብሎክ ቁጥር። ማንሆሉ ግቢ ውስጥ ነው ወይስ መንገድ ዳር? መኪና ይገባል? ፍሳሹ ቤት ገብቷል? «ዝም ብላችሁ ፈሰሰ ፈሰሰ ካላችሁ መኪናው መጥቶ በር ላይ ይመለሳል» አሉ።

ሰራተኞቹ መጡ፤ እነሱንም እግዜር ይስጥልን። ወፍራሙን ጎማ አስገብተው በግፊት ሲያጥቡት የወጣው ነገር ጉድ ነው። ዳይፐር፣ የመወልወያ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ። ዳይፐሩ የማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም። ህጻን ያላቸው ግን ሹልክ ሹልክ እያሉ ወደ ቤታቸው ገቡ። ጭቅጭቁም እዚያው ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው እሳቸውን ሳይጠይቅ ቢሮ አይሄድም። ብዙዎቻችንን ያምታታን የነበረው ቢሉ ነው። የቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ተዳብሎ ስለሚከፈል፣ ቆሻሻ ሳይነሳለት የቀረ ሰው ቢሉን ይዞ ውሃ ቢሮ ይሄድና ይጨቃጨቃል። ውሃ ገንዘቡን ይሰበስባል እንጂ ቆሻሻ አያነሳም። ለዚያ አቤት የሚባለው ወረዳ ነው፣ ጽዳት አስተዳደር። ቧንቧ ሲፈነዳም እንዲሁ ቆጣሪውን ማየት ነው። ከቆጣሪው በፊት ያለው የውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን ነው፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ባለቤቱ ቧንቧ ሰራተኛ ጠርቶ ያሰራል። ይሄን ሁሉ ኮርስ ወስደው አይደለም ያወቁት፤ በየደጁ ሲዞሩ የሰው ብሶት እየሰሙ ነው።

እኛ በማዳበሪያ አስረን የምናወጣው ቆሻሻ በጋሪ ገንዳ ይደርሳል፣ ከገንዳ በመኪና ረጲ ይሄዳል። ቆሼ ማለት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የሞተበት። በ2010 ክረምት እዚያው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ ክምሩ ግን ዛሬም አለ። እሳቸው የቆሼ ወሬ ሲነሳ ዝም ይላሉ፣ የሚያውቁት ሰው ነበራቸው። ሃይላንድና ካርቶን ለይታችሁ ስጡን ሲሉ ታዲያ ለሽያጩ ብቻ አይምሰላችሁ። የተለየው እዚያ አይሄድም።

ባለፈው እጃቸውን አየሁት። የቀኝ እጃቸው ጓንት አውራ ጣቱ ላይ ተተርትሮ በሰማያዊ ናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ስር ቁስል አለ። የተሰበረ ብርጭቆ ነው። አንዳችን ሳንጠቀልል ማዳበሪያ ውስጥ የጣልነው። «ማን ይሆን?» ብላቸው፣ «ብርጭቆ ስም የለው» ብለው ሳቁ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይሄ ነው። እዚህ አካባቢ አዲስ የገባችሁና «ቆሻሻ የሚወስድልን አጣን» የምትሉ፣ ማክሰኞ ወይም አርብ ጠዋት ጠብቋቸውና አነጋግሯቸው። ማታ ደረጃ ላይ አታስቀምጡት፣ ድመት ይበትነዋል። ዳይፐር ለብቻው በፌስታል ይታሰር። ስባሪ በካርቶን ተጠቅልሎ ላዩ ላይ «ስባሪ» ተብሎ ይጻፍበት። ቤት የምታሳድሱ፣ ፍርስራሽ የእነሱ ስራ አይደለም፤ እሱን በራሳችሁ መኪና ታስጭናላችሁ። ልጆቹንም አትለምኗቸው፣ ይሉኝታ ይዟቸው እሺ ይሉና ወገባቸው ይቆረጣል።

ከብሎካችን ለማህበሩ አባላት ጓንት መግዣ እያዋጣን ነው። ከሌላ ብሎክ መጨመር የምትፈልጉ ኮሚቴያችንን አነጋግሩ። ገዝቼ ልስጥ የምትሉም ትችላላችሁ፣ ግን የቆዳውን ነው የምትገዙት። የላስቲኩን ብርጭቆ ይበሳዋል።